በቀይ ያለፈው ሰው

የሥራ ጥሪው የደረሳት ሊፍት ውስጥ ነው። ሊፍት ጠባቂ ሆና የምትሠራበት ሆስፒታል ያረጀ፣ ሊፍቱም አብሮት ያረጀ፤ በዚያ የብረት ሳጥን ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር አይገባም። ስልኩ አንደኛ ፎቅ ላይ «እንኳን ደስ...» አለና ጭጭ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሩ ሲከፈት «...ለባቡር ነጂነት...» አለና አሁንም ጭጭ። በሽተኛ በአልጋ እየገፉ የገቡት ሁለት ነርሶች ፊቷን ሲያዩ ከበሽተኛው ይልቅ ለሷ ደነገጡ። እሷ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ጣቷን ቁልፉ ላይ እንደጫነች ቀርታለች። ቀዶ ጥገና ክፍል መውረድ የነበረበትን ሰውዬ ይዛው የመጨረሻው ፎቅ ድረስ ወጣች።

ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ሆስፒታሉ ያለ ሰው የሚሠራ አዲስ ሊፍት ሊያስገባ ነው ሲባል ሰምታ፣ መውደቂያዬን ልፈልግ ብላ ነው የተመዘገበችው። ለምድር ውስጥ ባቡር ነጂዎች ይፈለጋሉ የሚል ማስታወቂያ አየች፤ ምን ይቀርብኛል አለች። ፈተናው ደግሞ ፈተና አይመስልም። ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አንዲት መብራት እያሳዩ «ቀለሟ ሲቀየር ብቻ ተጫኑ» አሏቸው። መብራቷ አትቀየርም። ጎረምሶቹ ተቁነጠነጡ፣ አዛጉ፣ ሳትቀየር ተጫኑ። እሷ ግን ዕድሜዋን በር እስኪዘጋ ስትጠብቅ የኖረች ሰው ናት፤ መጠበቅ እንደሆነ ማንም አያስተምራትም። ጠበቀች፣ መብራቷ ስትቀየር ተጫነች፣ ወደ ቤቷ ሄደች። ለማንም አልተነፈሰችም። ባቡር ልነዳ ነው ብላ ማን ፊት ትቆማለች?

እራት ላይ ነገረቻቸው።

«ባቡር?» አለች እናቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ። «አንቺ? በብስክሌት አጥር የደረመስሽዋ ልጅ?»

«እሱ እኮ ድሮ ነው፣ እማዬ።»

«አጥሩ እስከ ዛሬ እንደተጣመመ ነው።» እናቷ መሳቅ ጀመረች። «ወደ ላይና ወደ ታች ስትመላለሺ ከርመሽ፣ አሁን ደግሞ ወደ ጎን ልትሄጂ ነው በይኛ!»

ታላቅ ወንድሟ ግን አልሳቀም። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ለወትሮው እንዲህ ያለ ወሬ ካገኘ ሳምንት ሙሉ ያፌዝባታል። አሁን ፊቱ አመድ መሰለ። ያነሳው ብርጭቆ አፉ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቆመ።

«ማነው የሚያስተምራችሁ?»

«እኔ ምኑን አውቄ?»

ምግቡን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። እሷ ክው አለች። እናቷ በሩን እያየች ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሱም እኮ አንድ ሰሞን እዚያ ገብቶ ነበር። አንቺ ያኔ አክስትሽ ዘንድ ነበርሽ። ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ።»

«ምን ሆኖ?»

«አልጠየቅኩትም። ፊቱ አያስጠይቅም ነበር።»

ሥልጠናው ከጅምሩ ጉድ ነው። ጋቢና ውስጥ ያስገቧት ዕለት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ግራ ቀኝ ስትፈልግ አስተማሪው «ምን ጠፋሽ?» አሏት።

«መሪው» አለች።

ጓደኞቿ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ባቡር መሪ የለውም። ያለችው አንዲት እጀታ ናት፤ ወደ ፊት ሲገፏት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ሲስቧት ይቆማል፣ እጅ ከለቀቃት ደግሞ ነጂው አንድ ነገር ሆኗል ብሎ ራሱ ይቆማል። «ከምን ሥራ ነው የመጣሽው?» ተብላ «ከሊፍት» ስትል ሳቁ እንደ አዲስ ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲያ ስሟ «ሊፍቷ» ሆኖ ቀረ።

አስተማሪውም ቅጽል ስም አላቸው፤ ፊት ለፊታቸው የሚደፍር የለም እንጂ «ጡሩምባ» ነው የሚሏቸው። ሸበቶ፣ ግዙፍ፣ ጫማቸው አቧራ የማያውቅ ሰው ናቸው። በመስመሩ ላይ ከሚነዱት አብዛኞቹ በሳቸው እጅ ያለፉ ናቸው። ጡሩምባ የተባሉት ራሳቸው ጮኸው ሳይሆን ሰው እያስጮኹ ነው። ዋሻው ውስጥ በየርቀቱ መብራት አለ፤ አንዲት መስታወት ናት፣ ቀለሟ ብቻ ይቀያየራል። ነጂው ባያት ቁጥር በጣቱ እያመለከተ በአፉ መጥራት አለበት፤ «አረንጓዴ፣ እሄዳለሁ! ቢጫ፣ እቀንሳለሁ! ቀይ፣ እቆማለሁ!» ሌላ አስተማሪ ዘንድ ለራስ ያህል ማጉተምተም ይበቃል። እሳቸው ዘንድ ግን የሚቀጥለው ጣቢያ ድረስ ካልተሰማ እንዳልተባለ ይቆጠራል።

«አታንሾካሹኩብኝ!» ይላሉ። «ዋሻው ይስማችሁ!»

ሊፍቷ የሆስፒታል ሰው ናት፤ መጮህ አልለመደባትም። ቤቷ ስትገባ ጉሮሮዋ ይለበልባታል። ቢሆንም ወደደቻቸው። ስትሳሳት አይሳደቡም፣ አያላግጡም፤ «እንደገና፣ ልጄ» ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ አለቃ ሆስፒታል ውስጥ አይታ አታውቅም።

አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ፣ ከሠልጣኞቹ መካከል ወሬ የማያልቅበት የቀድሞ የባንክ ዘበኛ «የመጨረሻውን ፈተና ታውቃላችሁ?» ብሎ ጀመረ። «ቀይ መብራት ፊት ትቆማለህ። ጋሼ "አረንጓዴ ነው፣ ሂድ" ይሉሃል። ከሄድክ ጉድህ ፈላ፣ ያኔውኑ ወደ ቤትህ። እምቢ ካልክ አለፍክ።»

«ማን ነገረህ?» አለ አንዱ።

«የማያውቅ አለ እንዴ? አንድ ጊዜ አንድ ሞኝ የአውቶቡስ ሾፌር "ሂድ" ሲሉት ቀዩን ጥሶ ሄደልሃ! አውቶቡስ መስሎታል! ባቡሮቹ የሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ ጠይቅ፤ በቀይ ያለፈው ሰው ነው የሚባለው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የሊፍቷ ልብ ስንጥቅ አለ። ወንድሟና እሷ በእናት ብቻ ነው የሚገናኙት፤ የአባታቸው ስም ለየቅል ስለሆነ ማንም አልጠረጠራትም። አብራቸው ለመሳቅ ሞከረች፤ ጥርሷ ታየ እንጂ ሳቅ አልወጣትም። እንኳን ሰው፣ ራሷን ማየት አስጠላት።

በማግስቱ የወንድሟ አውቶቡስ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው አውርዶ እስኪጨርስ ጠበቀችና ገባች። ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«በቀይ ያለፈው ሰው አንተ ነህ?» አለችው።

መሪውን እንደያዘ ወደ ፊት አየ። «ዛሬም ያወሩታል?»

«ያወሩታል።»

«እየሳቁ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ቀይ ነበር» አለ ወንድሟ። «በዓይኔ አይቻለሁ። ቀይ ብዬም ጠርቻለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው እንጂ ጠርቻለሁ፣ ያኔ መጮህ የሚባል ነገር አልነበረም። እሳቸው "አረንጓዴ ነው፣ ምን ትጠብቃለህ?" አሉኝ። እሳቸው ናቸው እኮ! እንግዲያው የተሳሳተው የኔ ዓይን ነው አልኩና ሄድኩ። ከመቆጣጠሪያ ክፍል በሬዲዮ ሲጮሁብን ነው ፍሬን የያዝኩት። በኋላ አለቆቹ ፊት "ስፈትነው ነው" አሉ። አለቀ።»

«ለምን ሳትነግረን?»

«ምን ብዬ? ሞኝ ሆንኩ ብዬ?» በረጅሙ ተነፈሰ። «አልፈርድባቸውም። ፈተና ነው፣ ወደቅኩ። አሁን እዚህ አረንጓዴ በርቶልኝ እንኳ ሁለቴ ሳላይ አልሄድም። ተሳፋሪው "እንቅልፋሙ" ነው የሚለኝ።» ከዚያ ዞር ብሎ አያት። «አንቺ እለፊ። ከኛ ቤት አንድ ሰው እንኳ እዚያ ይለፍ።»

ከዚያ በኋላ ሥራ ማግኘቱ ብቻ አልነበረም የሚያስጨንቃት። አልፋ የነጂ ልብስ ለብሳ፣ በዘበኛው ፊት ቆማ «ያ የምትስቁበት ሰው ወንድሜ ነው» እስክትል ድረስ ቸኮለች። ፈተናው ምን እንደሆነ ደግሞ አስቀድማ አውቃለች። ምን ቀራት?

የፈተናው ቀን ጠዋት ስትነሳ ድምጿ የለም። ሻከረ ቢባል፣ ቀጠነ ቢባል ደግ ነበር፤ ጭራሽ የለም። ትኩስ ውኃ ጠጣች፣ በጨው ተጉመጠመጠች፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቀለለች። አፏን ስትከፍት የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ወንድሟ ለሥራ ወጥቷል። እናቷ እያሳቀች ሸኘቻት፤ «የሚነዳው እጅሽ ነው እንጂ ጉሮሮሽ አይደለም፣ ሂጂ።»

ባቡሩ ባዶ ነው። ቀትር ላይ መንገደኛ ሲቀንስ አንድ ባቡር ለፈተና ያወጡላቸዋል። ቀይ የጣሰ ባቡር ራሱን የሚያስቆምበት መሣሪያ አለ፤ በፈተና ቀን ግን ይዘጋል፣ ተፈታኙ በራሱ ዓይን እንዲነዳ። አስተማሪው ከጎኗ ተቀመጡ። እጀታውን ገፋች። ዋሻው ዋጣቸው።

የመጀመሪያው መብራት መጣ። በጣቷ አመለከተች፤ ከንፈሯ «አረንጓዴ፣ እሄዳለሁ» አለ።

«አልሰማሁም!»

ጉሮሮዋን በእጇ ነክታ አሳየቻቸው። ገባቸው። መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ትንሽ ሄደው እንደገና ጠረጉ። ዋሻው ብርድ ነው፣ ምን ያልባቸዋል? ነጥብ ሊቀንሱብኝ ነው ብላ ሰጋች። ደግነቱ ከመቆጣጠሪያ ክፍል «እስከሚቀጥለው ጣቢያ መንገዱ ክፍት ነው» አሉ። እሷ ጣቷን ከመቀሰር፣ ከንፈሯን ከማንቀሳቀስ አልቦዘነችም።

መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ቀይ። እጀታውን ሳበች። ባቡሩ ተንቀጥቅጦ ቆመ።

«ምን አቆመሽ?» አሉ አስተማሪው።

በጣቷ አመለከተች።

«አረንጓዴ ነው። ሂጂ።»

መጣ! አለች በሆዷ። ይኸው መጣ። ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረው። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች።

«አረንጓዴ ነው እያልኩሽ! ከኋላችን ባቡር አለ፣ መንገድ ዘጋሽ! ሂጂ!»

ተቆጡ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። እንዴት ያውቁበታል! ቲያትር ቤት ቢቀጠሩ ኖሮ ብላ አደነቀቻቸው። አሁንም ራሷን ነቀነቀች። ያኔ አስተማሪው እጃቸውን ዘርግተው በእጇ ላይ እጀታውን ወደ ፊት መግፋት ጀመሩ።

ሳቋ ደርቆ ቀረ። ይሄ በማንም ወሬ ውስጥ የለም። በሁለት እጇ እጀታውን ይዛ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ተንጠለጠለች። ሁለቱም ሳይናገሩ ይታገላሉ፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሊፍት ጠባቂ፣ በዋሻ ውስጥ፣ በአንዲት እጀታ። በዚህ መሐል ሬዲዮው ጮኸ።

«የፈተናው ባቡር፣ ባላችሁበት ቁሙ! ከፊታችሁ ሰው የሞላ ባቡር ተበላሽቶ ቆሟል! ቀይ አብርተንባችኋል! ቁሙ!»

አስተማሪው እሳት እንደነካቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። በመስታወቱ አሻግረው መብራቷን አፍጥጠው አዩዋት። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ።

«ቀይ ነው?» ብለው ጠየቋት።

መጠየቃቸው ነው። የእውነት መጠየቃቸው። ሊፍቷን ከእግሯ እስከ ራሷ ፍርሃት ወረራት። ከፊታቸው ሰው የሞላ ባቡር ቆሟል፤ እሳቸው ደግሞ ቀዩን አያዩም።

ሰውዬው ቶሎ ራሳቸውን ገዙ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ፈገግ አሉ። «ጎበዝ! ፈተናው ይኸው ነው። አልፈሻል።» እጃቸውን ዘረጉላት።

የተዘረጋውን እጅ አየችው። የፈለገችው ሁሉ እዚያ እጅ ውስጥ ነው። ብትጨብጠው ነገ ነጂ ናት። ወደ ጆሯቸው ተጠጋች፣ በቀረላት ትንፋሽ ተናገረች።

«ያ የአውቶቡስ ሾፌር ወንድሜ ነው። የእናቴ ልጅ።»

አስተማሪው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ያ ሁሉ ግዙፍነት የት እንደገባ እንጃ። መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

«ያኔ የዓይኔ ሕመም ገና ሲጀምረኝ ነው። ቀለሙ ይገረጣብኛል፣ ሁሉም ነጭ ነጭ ይመስለኛል። መንዳት ትቼ ማስተማር ከገባሁ ወዲህ ዓይኔን የመረመረኝ የለም። ስፈትነው ነው ያልኩት ደንግጬ ነው፤ ከአፌ አመለጠኝ። ካመለጠ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ከዚያ ወዲህ ነው ማስጮህ የጀመርኩት። እናንተ ስትጠሩልኝ አውቀዋለሁ።»

ለካ ዋሻው አልነበረም መስማት የሚፈልገው። ያ ሁሉ ጩኸት፣ የተላጠ ጉሮሮዋ፣ ሻይ ሰዓት ላይ የተሳቀው ሳቅ! ቆሽቷ አረረ። የሬዲዮውን መነጋገሪያ መንጭቃ አነሳች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ ብቻ።

«ማነው? አልተሰማም፣ ድገሙት» አለ መቆጣጠሪያ ክፍሉ።

ሞከረች። ምንም። እንባዋ መጣ። መነጋገሪያውን ወደ አስተማሪው ዘረጋችው።

«ይናገሩ።»

«ልጄ፣ የኔ ፊርማ ከሌለ እኮ አንቺም...»

«ይናገሩ» አለች እንደገና፣ በከንፈሯ።

ተቀበሏት። ያን ሬዲዮ በመስመሩ ላይ ያለ ነጂ ሁሉ ይሰማዋል፤ አብዛኛውን «እንደገና፣ ልጄ» እያሉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ተፈታኟን በቀይ እለፊ ብያታለሁ። አላየሁትም። የቆመችው እሷ ናት። ከዓመታት በፊትም ያንን የአውቶቡስ ሾፌር አልፈተንኩትም፤ አረንጓዴ መስሎኝ ነው ሂድ ያልኩት። ከፊቱ፣ ከመታጠፊያው ማዶ፣ ሐዲድ የሚጠግኑ ሰዎች ነበሩ። ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነው የተረፉት። ይህንንም ደብቄያለሁ።»

ከዚያ ከየትኛው ባቡር እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ድምፅ «ጋሼ?» አለ። ቆይቶ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ግራ በገባው ድምፅ ጠየቀ፤ «እሺ፣ ባቡሩን ማን ያምጣው?»

እውነትም ማን ያምጣው? አንዷ ፈቃድ የላት፣ አንዱ ዓይን የለው። ሌላ ነጂ ባትሪ ይዞ በዋሻው በእግሩ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ መጠበቅ ከበዳት።

ዴፖው ግቢ ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ገብቷል። ሰው ሁሉ አፉን ይዞ ቆሟል። የባንክ ዘበኛው ስታልፍ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። የዴፖው ኃላፊ ቢሮው አስገብቷት የዛሬው ፈተና እንደማይቆጠር፣ ድምጿ ሲመለስ በሌላ ሰው እንደምትፈተን ነገራት። «ወንድምሽንም ይዘሽው ነይ» አለ። «ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ከፈለገ ቦታው አለ።»

ወደ ቤቷ የሄደችው በክንፍ ነው። ወንድሟ የሾፌር ሸሚዙን እንኳ ሳያወልቅ ሳሎን ተቀምጦ አገኘችው። እናቷ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ታጥባለች። ጎኑ ተቀምጣ በዚያ ባለቀ ትንፋሿ ሁሉንም ነገረችው፤ ሐዲድ ጠጋኞቹን ብቻ ዘለለቻቸው። ጨርሳ፣ ዘሎ እስኪነሳ፣ እስኪያቅፋት ጠበቀች።

አልተነሳም። «ፈተና አልነበረም?» አለ።

ራሷን ነቀነቀች።

«ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ነገር አልነበረም?»

አሁንም አልነበረም ስትል ነቀነቀች።

«እኔ እኮ እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ...» የሸሚዙን ጫፍ ጨመደደ። «ፈተና ከሆነ መንገዱ ባዶ ነው ብዬ ነው። ሞኝ ሆንኩ፣ ተባረርኩ፣ ግን ማንም ላይ አልሄድኩም እል ነበር። ፈተና ካልሆነ...» ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። «ከፊቴ ምን ነበር?»

ባዶ ነበር ብትለው ያምናታል። ጉሮሮዬ ብላ ብትተወውም ያልፍላታል። ሰውዬውን ግን ዛሬ ቀን ላይ እውነቱን ይናገሩ ብላ ያስገደደች እሷ ናት።

«ሰዎች» አለችው። «ሐዲድ የሚጠግኑ። ተርፈዋል። ሁሉም ተርፈዋል።»

ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከውስጡ የወጣውን ድምፅ ከሱ ሰምታው አታውቅም። እናታቸው እጇ አረፋ እንደያዘ እየሮጠች መጣች።

«ምንድነው? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም» አለ። «ማንም አልሞተም፣ እማዬ።» ደገመው፣ ሠለሰው፤ ማቆም አልቻለም። «ማንም አልሞተም። ማንም አልሞተም።»

እናቱ ምኑም አልገባትም። አጠገቡ ተቀምጣ በእርጥብ እጇ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው።